ሜዳሊያውን ቆጠራችሁልን፤ ደንቡንስ ማን ይንገረን?

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። መናኸሪያው አካባቢ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ቤቴ ጠባብ ናት፤ አራት አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ብርዱ ሲጠና ደግሞ መሃል ላይ አንድ የከሰል ማንደጃ። ጋዜጣችሁን ደንበኞቼ ይዘው ይመጡና ረስተውት ይሄዳሉ፤ እኔም ስኒ አጥቤ ስጨርስ አነበዋለሁ። የምጽፈው ቅሬታ ስላለኝ ነው። ቅሬታ እንኳ ከምለው አቤቱታ ብለው ይሻላል።

ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር የምታወጡልን ያንኑ ሠንጠረዥ ነው። ወርቅ ስንት፣ ብር ስንት፣ ነሐስ ስንት፣ እኛ ስንተኛ። በቃ። እኔ ቤት ግን ሰው የሚጨቃጨቀው በቁጥሩ አይደለም። ለምን ሦስት ሰው ብቻ ሮጠ? እገሌ ለምን ቀረ? ያቺ ልጅ እዚህ ተወልዳ ለምን ለሰው አገር ትሮጣለች? ወርቁ እውነት ወርቅ ነው? መላሽ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም የሚስማማበት አንድ መልስ አለ፦ «ተበልተናል።»

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ልንገራችሁ። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ሰዉ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ ገብቶ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ጾም ስለሆነ ወተት የሚጠይቀኝ የለም፤ ጀበናው ግን ፋታ አላገኘም። የፓሪሱ የሴቶች ማራቶን በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመረ። መጨረሻው ሲቃረብ የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋና ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ብቻ ቀሩ። ጎን ለጎን እየሮጡ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ፣ ከዚያ ሲፋን አመለጠች። 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ። ትዕግሥት 3 ሰከንድ ዘግይታ ገባች። «ገፍታታለች!» ብሎ የተነሳ የባጃጅ ሾፌር ረከቦቴን በጉልበቱ መታውና ሁለት ስኒ ሰበረብኝ። እስከ ዛሬ አልከፈለኝም፤ ይህን ካነበበ ይወቀው።

ከሰዓታት በኋላ «የእኛ ሰዎች አቤት ብለው ነበር፣ አልተቀበሏቸውም» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያልተባለ ነገር የለም። ሴራ ነው ያለ አለ፣ ገንዘብ ተበልቶበታል ያለ አለ፣ ተቆርቋሪ የለንም ያለ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እሱው ነበር።

ኋላ የወንድሜ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ደንቡን አነበበልን። አቤቱታ የሚቀርበው ውጤቱ በይፋ በተነገረ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። ዋና ዳኛው የሰጠው ውሳኔ ካልጣመህ ይግባኝ ለማለት ሌላ 30 ደቂቃ አለህ። ይግባኙ በጽሑፍ ነው፣ የሚያየውም ሌላ ጉባኤ ነው፣ 100 ዶላር ታስይዛለህ፣ ከተረታህ ብሩ አይመለስም። ቤቱ ጸጥ አለ። «በመቶ ዶላር ነው እንዴ የኦሊምፒክ ወርቅ የሚከሰሰው?» አለ የባጃጁ ልጅ። ጡረታ የወጡት መምህራችን ሳቁና «የመሬት ክርክር ቢሆን እኮ ለማመልከቻ ጸሐፊ ብቻ ስንት ይወጣ ነበር» አሉ። ተሳቀ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። ገፍታለች አልገፋችም የሚለው ዛሬም አላለቀም፣ ግን «ዝም ተባልን» የሚል ጠፋ። ያን 30 ደቂቃና ያን 100 ዶላር እናንተ በማግሥቱ ብትጽፉት ኖሮ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳኛ ሆኜ ባልከረምኩ።

የሲፋን ነገርም እንዲሁ ነው። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድ የገባች ልጅ ናት። ለኢትዮጵያ ተሰልፋ አታውቅም። ለአንድ አገር ሮጦ ወደ ሌላ የሚዞር አትሌት ግን ለቀድሞ አገሩ ለመጨረሻ ጊዜ ከተሰለፈበት ጀምሮ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ የሚመለከታቸው ከተስማሙ ሊያጥር ይችላል። አገሩን ለቆ ሌላ ዜግነት ያላገኘ ሰውስ? ለእሱም ከሪዮ ጀምሮ የስደተኞች ቡድን አለ። በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ አሥር ሆነው ሲገቡ አንዱ የእኛው ማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ነበር። ይህን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ልበል ወይ ልዘን አላወቅሁም። ቡናውን ቀድቼ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ታምራት ቶላ። ከሴቶቹ በፊት በነበረው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸንፎ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰበረ። እልል ተባለ። እልልታው ሳያልቅ ግን «ተጠባባቂ ነበር እኮ!» የሚለው ወሬ ገባና ግማሹ ሰው ተናደደ። ወርቅ አምጥቶልን መናደድ! «እንዲህ ያለውን ልጅ ሊያስቀሩት ነበር» ተባለ። ነገሩ ቀላል ነው። በማራቶን ከአንድ አገር ከሦስት በላይ አይሮጥም። ሌሎቹም የአትሌቲክስ የግል ውድድሮች ላይ ገደቡ በአብዛኛው ይኸው ነው። እንደ እኛና እንደ ኬንያ ላለ አገር ይህ ጭንቅ ነው፤ አራተኛው ሰውህ የሌላ አገር አንደኛ ሊሆን ይችላል። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ታምራት ገባ። ተጠባባቂ ማለት ደካማ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት እኔ በቡና ቤት ምሳሌ ነው የሞከርኩት፦ ሦስት ስኒ የምትይዝ ትሪ ላይ አራተኛ አይቀመጥም፣ አንዱ ሲሰበር ግን ከመደርደሪያ የሚወርደው ከዚያው ስብስብ ነው። የባጃጁ ልጅ «ስኒ ስኒ አትበይ እትዬ» አለኝ። ገብቶታል።

ወርቁ ደግሞ ከአንድ አንጥረኛ ደንበኛዬ የመጣ ጥያቄ ነው። መስቀልና የጆሮ ጌጥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አትሌቶቹ ሜዳሊያውን ሲነክሱ ባዩ ቁጥር ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። «ይሄ ግማሽ ኪሎ ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎ ወርቅ ለስንቱ ሊሰጡ ነው?» አሉ። ግምታቸው አልሳተም፤ የፓሪሱ 529 ግራም ነበር። ወርቁ ግን 6 ግራም ገደማ ነው፣ ያውም ልባጥ። ውስጡ ብር ነው። ሙሉ ወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው ስቶክሆልም ላይ፣ በእኛ በ1904 ዓ.ም. ነው። ፓሪሶች ደግሞ መሃሉ ላይ ከአይፍል ማማ የተነሳ 18 ግራም ብረት አስገብተውበታል። አንጥረኛው የብረቱን ሲሰሙ ከልባቸው ተቀየሙ። «ብር ላይ ብረት?» ብለው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ገንዘቡንም በዚያው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ላሸነፈ ሰው ሽልማት ብሎ ገንዘብ አይሰጥም። አትሌቱ የሚያገኘው ከአገሩ ወይም ከስፖንሰሩ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ግን በፓሪስ ለወርቅ አሸናፊዎቹ 50 ሺህ ዶላር ሰጥቷል። ለአብዛኞቹ ስፖርቶች እንደዚያ ያለ ነገር ስላልነበረ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል።

ይቅርታ፣ አበዛሁት መሰለኝ። ግን የሰልፉን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በመክፈቻው ቀን ግሪክ ትቀድማለች፣ የስደተኞቹ ቡድን ይከተላል፣ አዘጋጁ አገር መጨረሻ ይገባል፣ መሃሉ በአዘጋጁ አገር ፊደል ተራ ነው። «ታዲያ እኛ ብናዘጋጅስ?» አለ የወንድሜ ልጅ። በጋዜጣችሁ ነጭ ኅዳግ ላይ በሀሁ መደርደር ጀመረ። ከግሪክና ከስደተኞቹ ቀጥሎ ሀንጋሪ፣ ከዚያ ሃይቲ፣ ከዚያ ህንድ። ኔዘርላንድን «ሆላንድ» ካልናት ከፊት ትሰለፋለች፣ «ኔዘርላንድስ» ካልናት መሃል ትገባለች፤ በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ፈረንሳይ የለመደችውን ቦታ ለቃ ወደ ጭራው ትሄዳለች። ፖላንድ፣ ፖርቱጋል፣ መጨረሻ ላይ ፖርቶ ሪኮ። «ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ አይደለችም እንዴ?» አሉ መምህሩ። ናት። ግን የራሷ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አላት፣ በራሷ ባንዲራ ትገባለች። የተባበሩት መንግሥታት አባላት 193 ናቸው፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ያላቸው ግን 206። ያን ቀን የታክሲ ተራ አስከባሪው ሳይቀር ሥራ ትቶ ገብቶ ነበር።

ዘመኑም ያምታታል። «ቶኪዮ 2020» የተባለው በኮቪድ ምክንያት ተራዝሞ በፈረንጅ 2021 ነው የተካሄደው፤ ስሙን ግን አልቀየሩትም። በእኛ 2013 ነበር። አሁን የሚመጣው «ሎስ አንጀለስ 2028» ደግሞ የሚከፈተው ሐምሌ 7 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እውነተኛው 2020 ኦሊምፒክ ገና አልመጣም፣ እያልኩ ልጆቹን አሳብዳቸዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ የአበበ ቢቂላ ቀን ነው። እሱ የዚሁ የእኛ አገር ሰው ነው፣ የጃቶ ልጅ። በባዶ እግሩ መሮጡን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ የማላውቀው ግን ሌላ ነበር። ሮም ላይ ማራቶኑን ሙቀቱን ፈርተው ወደ ማታ አድርገውት ነበር። ሲመሽ ወታደሮች በጥንቱ የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ቆመው ችቦ ይዘው አበሩላቸው። አበበ በጨለማ፣ በችቦ መሃል፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። መምህሩ ቀኑን በጣታቸው ቆጥረው ወደ እኛ አቆጣጠር መለሱት፦ ጳጉሜን 5 ቀን 1952። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እዚህ ሰው ደጁ ላይ ችቦ በሚያበራበት ምሽት እሱ በሮም በችቦ መሃል እየሮጠ ነበር። ይህን ከነገሩኝ ወዲህ ዋዜማ በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እናንተ ስንት ጊዜ ስለ አበበ ጽፋችኋል፤ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላነበብኩም።

ሌላም አለ፣ ሽንቱ። እናቶች የሚገረሙበት ይህ ነው። ሯጩ ውድድሩን ጨርሶ ውኃ በውኃ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው ይከተለዋል፣ ዕቃው ውስጥ እስኪሸና ድረስ ዓይኑን አይነቅልም። ናሙናው በሁለት ጠርሙስ ይታሸጋል፣ እስከ አሥር ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። ነውር ነው ይላሉ እናቶች። ልክ ናቸው፣ ግን ሶፊያ አሰፋን ተመልከቱ። በ2004 ለንደን በ3000 ሜትር መሰናክል ነሐስ አጠለቀች። ቀድማት የነበረችው ሩሲያዊት ከዓመታት በኋላ ስትሰረዝ የሶፊያ ነሐስ ብር ሆነ። እንግዲህ ያ በትልቁ የምታወጡት ሠንጠረዥ ራሱ ከታተመ ከስንት ዓመት በኋላ ይቀየራል ማለት ነው። ስትቀይሩት ግን አይቼ አላውቅም።

የምለምናችሁ አንዲት ጠባብ ዓምድ ነው። ሎስ አንጀለስ እስኪደርስ በሳምንት አንድ ጥያቄ መልሱልን። መጀመሪያ ይህን ብትጽፉ ደስ ይለኛል፦ የለመድነው ዋና በመጀመሪያው ሳምንት፣ አትሌቲክስ በሁለተኛው ነው፣ ሎስ አንጀለሶች ግን ገልብጠውታል፣ የትራኩ ሩጫ ቀድሞ ነው የሚመጣው። የሰዓቱ ልዩነትም 10 ሰዓት ነው፤ እዚያ ማታ የሚሮጠውን እኛ ጠዋት ነው የምናየው። ሰው ይህን ካልሰማ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መጥቶ «ቀነኒሳ አይሮጥም?» ሲለኝ ሊውል ነው። ለእኔ ደግሞ የከሰልና የስኒ ጉዳይ ነው፤ ቤቴን ስንት ሰዓት እንደምከፍት ማወቅ አለብኝ።

ደንበኞቼ የጠየቁትን ሁሉ በደብተር ይዣለሁ። አርባ ሁለት ደርሷል። ከፈለጋችሁ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ፤ ጽሕፈቴ ላይ የቡና ጠብታ አለ፣ ታገሡኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን፣ ቡና አፍልታ አዳሪ አንባቢያችሁ