ስለ ቀስተኞች ስትጽፉ ዶንጎላንስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መካከለኛው ዘመን ቀስተኞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ክሬሲና አዠንኩር የተባሉት የፈረንሳይ ጦር ሜዳዎች ብቻ? እንግሊዞች ፈረንሳዮችን በቀስት እንዴት እንዳረገፏቸው ስንቴ አንብበናል። እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ የሆነውን የሚያወራ ግን የለም፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብ ጦር ሶርያንና ግብፅን ከቢዛንታይን ነጥቆ፣ ዐባይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ የገጠመው ማኩሪያ የሚባል የኑቢያ ክርስቲያን መንግሥት ነበር። ዋና ከተማው ዶንጎላ። እ.ኤ.አ. በ642 ገደማ ሞከሩ፣ አልሆነም። የኑቢያ ቀስተኛ አያስጠጋማ! የ9ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አል-ባላዙሪ ከአንድ የዐረብ ዘማች ሽማግሌ የተላለፈ ወሬ ጽፏል። የኑቢያው ቀስተኛ የት ላይ ልውጋህ ብሎ ይጠይቃል፣ የዐረቡ ወታደር በንቀት ቦታውን ይነግረዋል፣ ፍላጻው እዚያው ያርፋል። አንድ ቀን ደግሞ ዐረቦቹ ሰይፍ ለሰይፍ እንግጠም ቢሉ፣ ሳይደርሱባቸው በፍላጻ 150 ዓይን ጠፋባቸው ይላል። ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ግን ይህን የተናገረው ተሸናፊው ወገን ነው፣ ለኑቢያ የሚያዳላበት ምክንያት የለውም።

በ652 የግብፁ ገዥ አብደላህ ኢብን ሳዕድ ድንጋይ መወርወሪያ ጭምር ይዞ ዶንጎላ መጣ። የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ተመታ፣ ቀስተኞቹ ግን አልተበገሩም። መጨረሻው ባቅት የሚባል ስምምነት ሆነ፤ አንዱ ሌላውን ላይወጋ። ይህ ውል በመሃል እየተጣሰም ቢሆን ወደ 600 ዓመት ዘልቋል። አዠንኩር ላይ ያሸነፉት እንግሊዞች እኮ በ1453 ከካሌ ወደብ በቀር ፈረንሳይን ለቀው ወጥተዋል!

ውሉን ግን አታሳምሩት። ኑቢያ በየዓመቱ 360 ያህል ባሪያ ልትሰጥ፣ በምላሹ እህልና ጨርቅ ልትቀበል ነው የተስማማችው። ነፃነቱን ቀስተኛው አስከበረ፣ ዋጋውን የከፈሉት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ስለነሱም ይጻፍ።

የኑቢያ ቤተ ክርስቲያን እኮ እንደኛው በእስክንድርያ ፓትርያርክ ሥር ነበረች። ይህን ያህል ቅርባችን ነው። አሁን ሱዳን በጦርነት ውስጥ ስላለች ቦታውን ሄዶ ማየት ከባድ ነው፤ የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ግን ከ1964 ጀምሮ ዶንጎላን ሲቆፍሩ ብዙ አሳትመዋል። ከእሱ ጀምሩ። አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት፣ ካርታም ጨምሩበት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ