የጣናን ዳርቻ የሚጠብቁ ወጣቶች በሕግ የታወቀ ኃላፊነት ይሰጣቸው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጣና ሐይቅና ስለ እምቦጭ አረም በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት እከታተላለሁ። ጽሑፎቹ በአብዛኛው ስለ ማሽን፣ ስለ በጀትና ስለ ዘመቻ የሚያወሱ በመሆናቸው፣ በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ወጣቶች ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ጀምረው ራሳቸው ስለሚመሩት ሥራ በቂ ነገር ተነግሯል ብዬ አላምንም። እኔ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ከሚገባበት ሥፍራ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ ይገኛሉ። ደብዳቤውን የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፤ ወጣቶቹ የሚንከባከቡት ዳርቻ ወሰኑ በካርታ ተለይቶ፣ የጥበቃ ኃላፊነቱ በጽሑፍና በሕግ ይሰጣቸው።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ ክፍል፣ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ሲስፋፋ ገበሬው ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ዓሣ አጥማጁም ታንኳውን የሚያሳልፍበት ቦታ አጣ። በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ከየአካባቢው የመጡ ወጣቶች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ አገር አይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የተጀመረው ዘመቻም እንዲሁ ብዙ ሕዝብ ያሰለፈ ነበር። ያን ድካም የማቃልል ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ዘመቻ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ እምቦጭ ደግሞ በተመቸው ወቅት በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም በደለል ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ የሚችል አረም ነው። እንዲህ ያለውን አረም የሚያሸንፈው ዘማቹ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በየሳምንቱ ዳርቻውን እየዞረ፣ አዲስ የበቀለውን ገና በጥቂቱ ሳለ የሚለቅም የአካባቢው ሰው ነው። በተለይ በዳር ዳሩ ባለው ጥልቀት በሌለው ረግረግ ውስጥ ማሽን እንደ ልቡ ስለማይንቀሳቀስ፣ ይህ ሥራ ከሰው እጅ የሚወጣ አይመስለኝም።

የማውቃቸው ወጣቶች በመጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይሰበሰባሉ፤ የነቀሉትን አረም በማዳበሪያ ጆንያ እየሞሉ፣ የክረምት ውሃ ተመልሶ ሊደርስበት ወደማይችል ደረቅ ቦታ ያወጡና ሲደርቅ ያቃጥሉታል። ብዙም ሳይቆዩ ግን አረሙን መንቀል ብቻውን እንደማያዋጣ ተረዱ። ባዶ የቀረው ዳርቻ ወዲያው በደለል ይሸፈናል፣ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያም እምቦጩን መልሶ ይቀልበዋል። ስለዚህ ቀድሞ በቦታው የነበረውን ደንገል፣ ማለትም ታንኳ የሚሠራበትን ረጅም የውሃ ዳር ተክል፣ መልሰው ለመትከል ወሰኑ።

ደንገል እንዴት እንደሚተከል በመማሪያ መጽሐፍ አላገኙትም፣ እኔም ላስተምራቸው አልቻልሁም። ያስተማሯቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ፣ በጣና ዳርቻ ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አባት ናቸው። እኒህ አባት ወጣቶቹን ወደ ቀረው የደንገል ቁጥቋጦ ወስደው፣ ከጭቃው በታች በአግድም የሚሄደውን ወፍራም ሥር በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ቡቃያ የያዘውን ክፍል ለይተው በማጭድ ሲቆርጡ ከአጠገባቸው ቆሜ ተመልክቻለሁ። ረጅሙን አገዳ አሳጥረው ቆርጠው ትንሽ ጉቶ ብቻ ያስቀሩለታል፤ ሥሩንም ውሃው ሊሸሽ ሲቃረብ፣ ጭቃው ገና እግር በሚይዝበት ጊዜ አግድም አጋድመው ይቀብሩታል። ጥልቅ ተደርጎ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከላይ ከቀረ ደግሞ ማዕበል ይነቅለዋል። ወጣቶቹ በመጀመሪያው ዓመት የተከሉት አብዛኛው ጠፍቶባቸዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ከተከሉት ግን ብዙው ይዞ፣ ዛሬ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። ከደንገሉ ወዲህ ያለው ውሃ ደፍርሶ እያለ፣ ከደንገሉ ወዲያ ያለው ጠርቶ መታየቱን ለማስተዋል ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በጣም ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ በደለል ሲሞላ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ችግር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ጣና ከጥቅምት ጀምሮ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት የአካባቢው ሰው ባሕር ሸሽ ይለዋል። በዚህ መሬት ላይ ሽምብራ፣ ጓያና ሽንኩርት ይዘራል፣ በጋ ሲጠና ደግሞ ከብት ይሰማራበታል። ገበሬው ልጆቹን የሚያበላበትን መሬት ይተው ማለቴ አይደለም፤ ወጣቶቹም እንዲህ አላሉም። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ከውሃው ጠርዝ አንሥቶ ያለው ጠባብ ቁራጭ ለደንገል እንዲተው፣ ከብት እንዳይገባበትና ሣሩ ታጭዶ ለከብት ባለቤቶች እንዲሰጥ ተስማምተዋል። ስምምነቱ በቃል ብቻ ቢሆንም ሁለት በጋ ተከብሯል። በኋላ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ከደንገሉ ውስጥ የተወሰነውን ክፍል ለሌላ አገልግሎት ፈቅዶ፣ ወጣቶቹ ሳይጠየቁ ቦታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመነጠረ። አቤት ለማለት ሲሄዱ የተጠየቁት፣ «መሬቱ የእናንተ ስለ መሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ?» ተብለው ነበር። ማስረጃ አልነበራቸውም። ከመካከላቸው ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራው አልተመለሱም፤ ልወቅሳቸው አልችልም።

የምጠይቀው የባለቤትነት ይዞታ አይደለም፤ የጥበቃ ኃላፊነት ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም ማለት የአካባቢው ሕዝብ እየተጠቀመ የሚጠብቀው ሥፍራ እንዲሆን ታስቧል ማለት ነው። እንግዲያው ቀበሌውና ወረዳው ከወጣቶቹ ጋር የሚፈራረሙት አንድ ገጽ ውል፣ ወሰኑን የሚያሳይ ካርታ፣ የበሰለውን ደንገል በልክ አጭደው ለታንኳ ሠሪዎችና ለምንጣፍ ሠሪዎች የመሸጥ መብት፣ እንዲሁም ዳርቻውን የሚነካ ማንኛውም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት እንዲጠየቁ የሚያደርግ አንቀጽ ለመጨመር የሚከብድ አይመስለኝም። አንዳንድ ኃላፊዎች ወጣት አንድ ቦታ አይረጋም፣ ነገ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል ይላሉ። የሚሄደው እኮ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ነው፤ ደግሞም ውሉ ለማኅበሩ እንጂ ለግለሰብ ስለማይሰጥ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተካል።

ስለ ጤናቸውም ሳልናገር አላልፍም። ሴቶቹም ወንዶቹም ባዶ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ይውላሉ፤ አልቅቱ ቢታለፍ እንኳ ቢልሃርዝያ በጣና ዳርቻ ያለ በሽታ ነው። ቡትስና የእጅ ጓንት ውድ ነገር አይደለም፣ የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም በዓመት አንድ ጊዜ ሊመረምራቸው ይችላል።

ዳርቻው ባለ ኃላፊነት ቢኖረው ጥቅሙ ከእምቦጭ ያልፋል። በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙት የባርቦ ዓሣ ዝርያዎች ከፊሎቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዕንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራና በርብ ወደ ላይ ይወጣሉ። ልክ በዚያው ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፣ በወንዙም ውስጥ ዓሣ የሚያደነዝዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ እየተጨመረ ትልቁም ትንሹም ዓሣ አብሮ ያልቃል። ወጣቶቹ ይህን ሲያዩ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፤ ነገር ግን «አንተ ማነህ?» ሲባሉ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም።

ስለዚህ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ዘጋቢ ልኮ ይህን ሥራ በቦታው እንዲመለከትና የሚመለከታቸውን የክልልና የወረዳ ኃላፊዎች እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ። ሐይቁ በጥቅምት መሸሽ ሲጀምር የባሕር ሸሽ መሬት ጉዳይ እንደገና ስለሚነሣ፣ ውሳኔው ከመስከረም ወር በፊት ቢሰጥ ወጣቶቹ የዚህን ዓመት ደንገል ወሰኑ በታወቀ መሬት ላይ ሊተክሉ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሎጂ መምህር፣ ከባሕር ዳር