አባዬ፣ ዝሆኑ ጣለኝ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን ይሄ ነገር ካላዩት አይገባም። ሰሌዳውን አውጣና እየደረደርክ አንብበው። የጠፋው ወታደር ምትክ፣ ቆርኪዋ፣ አለች አይደል?

ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ የቼዝ ውድድር ነበር። ነጭ ደረሰኝ። ተጋጣሚዬ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። በልቤ ናቅኩት፣ ምን እዋሽሃለሁ። ያው አንተ ያስተማርከኝን፣ የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁ። «እመቤቱ ከኋላው ቆማለች፣ አትፍራ» ትለኝ አልነበር? እሱም ፊት ለፊት ገጠመኝ። ከጎኑ ያለውን ወታደር ጨመርኩና ኩዊንስ ጋምቢት የሚሉት አጀማመር ሆነ። ፈረሶች ወጡ። ቢሾፔን አውጥቼ ፈረሱን ንግሥቱ ፊት ቸነከርኩት። ከዚያ መሃል ላይ ወታደር ተለዋወጥን።

6ኛው ላይ ነው ጉዱ። መሃል የቆመውን ወታደሩን በፈረሴ በላሁ። የሱ ፈረስ ተቸንክሯል፤ ከተነሳ ንግሥቱን እበላታለሁ ብዬ። ልጁ ፈረሱን አነሳና የኔን ፈረስ በላው! እጄ እየተንቀጠቀጠ ንግሥቱን አነሳኋት። ወረቀቱ ላይ ስጽፍ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል ቢሾፑን ሳብ አድርጎ ንጉሤን አጠቃ፤ ቼክ ሰጠኝ። ንጉሤ መሄጃ የለውም። መሃል ገብታ የምትከልለው የራሴ ንግሥት ብቻ ናት። እሷን በላ፤ እኔም የበላትን ቢሾፕ በንጉሤ በላሁ፤ ቀጥሎ ቢሾፔን በንጉሡ ለቀመው። ሲቆጠር ለአንድ ወታደር አንድ ፈረስ ከፍያለሁ። የቀረውን ተወው፣ ተሸነፍኩ።

ስንወጣ ልጁ «ኤሌፋንት ትራፕ ይባላል» አለኝ። የዝሆን ወጥመድ! ወዲያው አያቴ ትዝ አሉኝ። በእሳቸው ሰንጠረዥ፣ በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በቢሾፑ ቦታ የሚቆመው ፊል፣ ዝሆኑ፣ አልነበር? በንግሥት ፈንታም ፈርዝ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ። ለፈርዝ ቢሆን ይህን ያህል ባልጎመጀሁ።

ከዚያ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ወርጄ ዓሣ በላሁ። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች አጠገብ ቆሟል። አንጀት እስኪጣልለት ይጠብቃል፤ ምንም አይቸኩልም። ያንን ልጅ መሰለኝ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ጥቁሩን እኔ እይዝና መሃል ላይ ቆርኪዋን አቆማታለሁ። አንተ ይህን ስላነበብክ አትበላትም። ጎረቤታችን ጋሼ ግን አላነበቡም። ቀድመህ እንዳትነግራቸው።

ልጅህ