ጣሪያው ላይ ማን ይወጣል? ደብዳቤ ለልጄ

መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ሳሉ ለቆት ደጅ መውጣት ጀምሯል። ውርጩ ባቄላውን ገረፍ አድርጎታል፤ ገብሱ ግን ተርፏል።

ለአያትሽ ቦታ የነደፍሽውን ፕላን አጎትሽ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ አመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ደጋግሜ አየሁት። መስመርሽ ንጹሕ ነው። የጠዋት ፀሐይ በየት እንደምትገባ አስበሽበታል፤ ወጥ ቤቱን ከመኝታው ማራቅሽም ደስ አሰኝቶኛል። ልጄ ይህን ሠራች ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ።

ሆኖም ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ፤ ዝም ብል ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩበት ጥቁር ሰሌዳ ይታዘበኛል። በፕላንሽ ላይ የአያትሽ ቤት ፈርሶ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የፊት ለፊቱ መስታወት ሆኗል። ያሳሰበኝ ብሎኬት መሆኑ አይደለም። ይህ ቤት ሲሰነጠቅና ሲያፈስ፣ ማን፣ በምን ላይ ቆሞ፣ ከየት ባመጣው ነገር ይጠግነዋል? ወረቀቱ ላይ መልሱን ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

የአያትሽን ቤት በደንብ አይተሽው እንደሆነ አላውቅም። ለበዓል ስትመጪ እሳት ዳር ተቀምጠሽ ትሄጃለሽ። አሁን ግን በአርክቴክት ዓይን ተመልከቺው። ግድግዳው ሁለት ገጽ ነው። ጠፍጣፋ ፊት ያለው ድንጋይ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ተደርድሮ፣ መሐሉ በጭቃና በስብርባሪ ተሞልቷል። አለፍ አለፍ እያለ ደግሞ ከአንዱ ገጽ እስከ ሌላው የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ተጋድሟል። ሁለቱ ገጾች እንዳይላቀቁ የሚያስተሳስራቸው እርሱ ነው። በትልልቆቹ መካከል የተሰኩትን ትንንሽ ጠጠሮች በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊያቸው፤ አንዳቸውም አይነቃነቁም። ድንጋዩ ሁሉ ከዚያው ከማሳው የተለቀመ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሲለቀም ማሳው ለማረሻ ተመቸ፣ ቤቱም ቆመ። ያ ውፍረት ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውርጭ ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣሪያው ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ነው። ቤት ከዳኙ ከታች ከጠርዙ ይጀምራል። እያንዳንዱን እስር ከማገሩ ጋር፣ ከራሱ ከጓሳ በተገመደ ገመድ ያስራል፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ማሰሪያ እየሸፈነ እስከ ጉልላቱ ይወጣል። የዝናብ ጠብታ የሚያገኘው ሣር እንጂ ቋጠሮ አይደለም። አንድ ቦታ ቢበሰብስ ያንኑ ቦታ ነቅሎ መተካት ይቻላል፤ ጣሪያውን በሙሉ ማውረድ አያስፈልግም።

ሣሩ ከየት ይመጣል ካልሽ፣ ይህ ነው ትልቁ ነገር። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የጓሳ መሬት በራሱ ጊዜ አልቆየም። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰው ጠብቆት ነው። የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት መሬቱን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር። በዚያ ጊዜ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም፤ ጥሶ የገባ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ወጥቶ ለጣሪያው፣ ለገመዱ፣ ለዝናብ ለሚለብሰው ገሳ የሚሆነውን ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳው ባለቤት አጥቶ ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ ያዘው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ መኖሪያ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጎብኚው ቀበሮውን ለማየት ይመጣል። እኔ ጓሳን ስመለከት የሚታየኝ ገና ያልታጨደ ጣሪያ ነው። ተራራው ተጠብቆ ሣሩ ኖረ፤ ሣሩ ስለሚያስፈልግም ተራራው ተጠበቀ። አንዱን ብታነሺው ሌላውም ይወድቃል።

ይህ የእኛ የመንዞች ብቻ እንዳይመስልሽ። በማሊ፣ ጄኔ ከተማ፣ ታላቁ መስጊድ አለ። አሁን ያለው ሕንፃ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን የተሠራውም ከጭቃ ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ ተደርድረው የወጡ የዘንባባ ግንዶች አሉት። በፎቶግራፍ ስታያቸው ጌጥ ይመስሉሻል፤ በእርግጥም ያምራሉ። ነገር ግን መሰላልም ናቸው። በየዓመቱ የከተማው ሰው ተጠራርቶ ይወጣል፤ ግንበኞቹ እነዚያን ግንዶች እየረገጡ እስከ ጫፉ ወጥተው ግድግዳውን እንደገና ይመርጉታል። ጭቃው ከወንዙ ዳርቻ መጥቶ ከሩዝ ገለባ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይቆያል። ወጣቶቹ ይሸከማሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ያመላልሳሉ። የባኒ ወንዝ ሲሞላ ደለል ያመጣል፣ ደለሉ ቤት ይሆናል፣ ዝናቡ ቤቱን ያጥበዋል፣ ሰው መልሶ ይመርገዋል። ያንን ሕንፃ የነደፈው ሰው «ማን ይወጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ግድግዳው ላይ ተክሎታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል።

በሰሜን ካሜሩን ደግሞ የሙስጉም ሰዎች ቤት አለ፤ ቆሞ የተቀመጠ የእንቁላል ግማሽ ይመስላል። አገሩ እንጨት የማይገኝበት ሜዳ ነው፤ መወጣጫ የሚሆን ግንድ ከየት ይምጣ? ስለዚህ በጭቃው ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የጭቃ ጉብታዎች አወጡለት። ግንበኛው እነርሱን ረግጦ ይወጣል፣ ዝናቡም በእነርሱ መሐል ተከፋፍሎ ይወርዳል። ጣውላ የማይፈልግ ጣሪያ፣ መሰላል የማይፈልግ ጥገና። እንዲህ ያለውን ብልኀት ቢሮሽ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ በየቀኑ ብታዪው ደስ ይለኛል።

ታላቋ ዚምባብዌንም እንዳትረሺ። ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተገነባችው ያቺ የድንጋይ ከተማ፣ የታላቁ ቅጥሯ ግንብ እስከ 11 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጭቃም ኖራም አልገባበትም። አገሩ የግራናይት ተራራ ነው፤ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድ ድንጋዩን በንጣፍ በንጣፍ እየላጠ ይጥለዋል፤ ግንበኛው እየመረጠ ይደረድራል። የእኛ ካብ ታላቅ ወንድም ነው። ቅኝ ገዢዎች ይህን አፍሪካውያን ሊሠሩት አይችሉም ብለው ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1929 ገርትሩድ ካተን ቶምፕሰን የተባለች የአርኪዮሎጂ ሊቅ ቆፍራ አይታ ሥራው የአገሬው ሰው እንደሆነ መሰከረች። ለክርክሩ መልስ የሚሆነው ግን ከሁሉ በፊት ግንቡ ራሱ ነው።

ከራሳችን አገር የዶርዜን ቤት ታውቂዋለሽ። ቀርከሃው ከደጃቸው ይበቅላል፤ ምስጥ ሥሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲያስፈልግም ተሸክመውት ይሄዳሉ። የግብፅ ሲዋ ሰዎች ደግሞ አሮጌ ከተማቸውን ሻሊን በጨውና በጭቃ ድብልቅ ገነቧት። ዝናብ በማያውቀው በረሃ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆመች፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የወረደው ከባድ ዝናብ ግን አፈራረሳት። ያን ቤት ወደ መንዝ አምጥተሽ ብትተክይው አንድ ክረምት አይወጣም። አገሩ ሌላ ነው።

ስትመጪ ጣርማ በር ላይ መኪናው ሲቆም ውረጂ። በስተምሥራቅ የይፋት ቆላ እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታይሻል፤ ከኋላሽ ያለው ደጋ ውሃውን በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይልካል፤ ከፊትሽ ያለው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከዚያ ቁልቁል ስትሄጂ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቤቱን እንዴት እንደሚለውጥ ትመለከቻለሽ፤ ድንጋዩ እየሳሳ፣ የማሽላ አገዳውና እንጨቱ እየበዛ ይሄዳል። ወደ ከሚሴ ገፋ ካልሽ ደግሞ ሾንኬ ላይ የአርጎባ ሰዎች ኮረብታው ጫፍ ላይ የሠሩት የድንጋይ መንደር አለ፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው። ለዚህ ሁሉ ማብራሪያ ከመጻሕፍት ቤት በፊት ከመስኮቱ ውጭ ያለው መልክዓ ምድር ይበቃል።

አሁን ደግሞ «እናቴ ቆርቆሮ ጠላች» እንዳትይኝ። አልጠላሁም። ሣር ቤት እሳት ይፈራል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፤ የእናቴን ዓይን አውቀዋለሁ። ከቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ንጹሕ ውሃ በበርሜል መያዝ መቻሉ ከምንጭ እንስራ ለሚሸከሙ ሴቶች ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን የማያነሣ ሰው ስለ ባህላዊ ቤት ሲያወራ አልሰማውም፤ ውሃ ቀድቶ አያውቅምና። ቆርቆሮ ብቻውን ግን በመንዝ ሌሊት ምን እንደሚመስል አንቺም ተኝተሽበት አይተሽዋል።

ስለዚህ የአርክቴክቱን የፍራንሲስ ኬሬን ሥራ ተመልከቺ። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ በርሊን የተማረ ነው። ገና ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው ከአገሩ የሸክላ አፈር ተጨምቆ የተሠራ ጡብ ነው፤ የመንደሩ ሰው ራሱ አምርቶ ገንብቶታል። ቆርቆሮውን አልናቀውም፤ ከሸክላው ጣሪያ ላይ በቀጭን ብረቶች ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ በመሐሉ ነፋስ ያልፋል፤ ሰፊው ጠርዙም ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ከሽልማቱ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ሌላ ነው፤ ቤቱን የገነቡት ሰዎች እዚያው ስላሉ ሲጎዳ የሚጠግነው አለ።

እርሱን ግን እንዳትገለብጪው። የጋንዶ ችግር ሙቀት ነው፤ የእኛ ውርጭ ነው። ነፋስ የሚያልፍበት ጣሪያ እዚህ ሰው ያሳምማል። እኔ እንደሚመስለኝ የድንጋዩ ግድግዳ ሳይነካ ይቆይ። ከላይ ቆርቆሮ ይሁን፤ ከቆርቆሮው ሥር ግን ወፈር ያለ ጓሳ ይነጠፍ። ዝናቡን ቆርቆሮው ይመልሳል፣ ብርዱን ጓሳው። ወጥ ቤቱን ለይተሽ ስላራቅሽው የእሳቱ ስጋት ይቀንሳል። መስታወቱን በደቡብ ፊት ብቻ አድርጊው፤ ሲሰበር ከደብረ ብርሃን ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ መጠኑን አሳንሺው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ስሌቱ የአንቺ ነው። ጓሳው በቆርቆሮ ሥር እርጥበት ይዞ እንዳይሻግት ምን ማድረግ እንደሚሻል አንቺ ታውቂያለሽ።

ቤቱን ለማፍረስ አጎትሽ ከፋሲካ በፊት ሰው ሊቀጥር ነበር። ተው፣ ልጅቱ መጥታ ትለካው ብዬ አስቁሜዋለሁ፤ እርሱም እሺ ብሏል። ለጥምቀት ስትመጪ ረጅሙን ሜትር ያዢ። የግድግዳውን ውፍረት፣ የበሩን፣ የወራጆቹን ቁጥር፣ ምሰሶውን ሁሉ ለክተሽ በወረቀት አስቀሪው፤ በመጨረሻ ቢፈርስ እንኳ መዝገቡ ይኑር። ከማዶ ያሉት ሽማግሌ ቤት ከዳኝ አሁንም ጉልበታቸው ደህና ነው። ስለ ጓሳ አስተሳሰር ሊያሳዩሽ ፈቃደኛ ናቸው፤ ከልጆቻቸው አንዱም እንዲማር እፈልጋለሁ፤ የደቦውን ጠላና ዳቦ እኔ አዘጋጃለሁ። አዲሱን ፕላን ስትነድፊ ደግሞ ጣሪያው ላይ አንድ ሰው ሣዪልኝ፤ የቆመበትንም የያዘውንም አሳዪ።

ብርዱ በዚያ ሰሞን ይበረታልና ወፍራም ሹራብ አትርሺ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ