ፊሽካ ከተነፋ በኋላም ዳኛው ዳኛ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ የወጣውን፣ አሰልጣኞች ከጨዋታ በኋላ የተጋጩባቸውን አጋጣሚዎች የሚዘረዝረውን ዘገባ አንብቤዋለሁ። አብዛኛው አንባቢ ፈገግ ብሎ እንዳለፈው እገምታለሁ፤ እኔ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ማለፍ አልቻልኩም። ዘጋቢያችሁ የያኔው የቼልሲ አሰልጣኝ የቶማስ ቱሄልንና የያኔው የቶተንሃም አሰልጣኝ የአንቶኒዮ ኮንቴን ግብግብ ከተረከ በኋላ፣ ዳኛው አንቶኒ ቴይለር ለሁለቱም ያሳዩት ቀይ ካርድ ጨዋታው ካለቀ በኋላ የመጣ በመሆኑ ትርጉም የሌለው ነበር ሲል ደምድሟል።

ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። የእግር ኳስ የጨዋታ ሕግ የዳኛው ሥልጣን በመጨረሻው ፊሽካ ያበቃል አይልም፤ ጨዋታው አልቆም ቢሆን ሜዳውን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ ጥፋተኛን የመቅጣት ሥልጣን አለው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ቢጫውና ቀዩ ካርድ ለአሰልጣኞችም እንዲታይ ሕጉ በግልጽ ደንግጓል። ዘጋቢያችሁ ይህን ሳያጣራ መጻፉ ያሳዝናል።

ነገሩን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2022 በስታምፎርድ ብሪጅ ቼልሲና ቶተንሃም 2 ለ 2 ሲለያዩ የቶተንሃሙ ሃሪ ኬን የአቻነቷን ጎል ያስቆጠረው በጭማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይ ነበር። ሁለቱ አሰልጣኞች ቀደም ብለው ተጋፍተው ቢጫ ካርድ አይተዋል። ፊሽካው ሲነፋ ለመጨባበጥ ተገናኙ፤ ቱሄል የኮንቴን እጅ አልለቅም አለ፤ ሲጨባበጡ ዓይን ለዓይን መተያየት ይገባል የሚለውን ምክንያቱን በኋላ ላይ ሰጥቷል። ያ «ትርጉም የሌለው» የተባለው ካርድ ቱሄልን የአንድ ጨዋታ ዕገዳና የ35 ሺህ ፓውንድ፣ ኮንቴን ደግሞ የ15 ሺህ ፓውንድ ቅጣት አስከትሏል። ቱሄል ከጨዋታው በኋላ ስለ ዳኛው በሰጠው አስተያየትም ሌላ 20 ሺህ ፓውንድ ከፍሏል። ሦስቱም ቅጣቶች የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች ከፊሽካው በኋላ ላደረጉትና ለተናገሩት ነው። ዘገባው ከእነዚህ አንዱንም አልጠቀሰም።

የአሰልጣኝ ቁጣ ደግሞ በአሰልጣኙ ላይ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጁዋን ሃዋርድ በዊስኮንሲን ከተሸነፉ በኋላ በመጨባበጫው ሰልፍ ላይ የተጋጣሚውን ረዳት አሰልጣኝ ራሱን መታው። በዚያው ቅጽበት ተጫዋቾቹ ገቡበት። ሃዋርድ አምስት ጨዋታ ታግዶ 40 ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ ከሁለቱ ቡድኖች ሦስት ተጫዋቾችም ለአንድ አንድ ጨዋታ ታገዱ። እነዚያ ወጣቶች አሰልጣኛቸው እጁን ባይሰነዝር ኖሮ ወደ መልበሻ ክፍላቸው በሰላም ይገቡ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ደመወዝ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። አምና በአንድ የሰፈር ውድድር ጨዋታው እንዳለቀ የተጋጣሚያችን አሰልጣኝ ሜዳ ገብቶ የ14 ዓመቱን በረኛችንን በማልያው አንገት ይዞ አንዘፈዘፈው። ጥፋቱ የመጨረሻዋን ኳስ አድኖ መደሰቱ ብቻ ነበር። ዳኛው ገና መሀል ሜዳ ቆሞ ያያል። ለአዘጋጆቹ አቤት ስል የተሰጠኝ መልስ ጨዋታው አልቋል፣ ወረቀቱም ተፈርሟል የሚል ነበር፤ ልክ እንደ እናንተ ዘገባ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጣም። ቤታቸው ድረስ ብሄድ አባቱ «ልጄን የላክሁት ኳስ እንዲጫወት እንጂ በትልቅ ሰው እንዲታነቅ አይደለም» አሉኝ፤ የምመልስላቸው ቃል አልነበረኝም።

ታዲያ ነገ ይኸው አሰልጣኝ የእናንተን ጽሑፍ አንሥቶ «ጋዜጣም ጽፎታል» ቢለኝ ምን ልበለው? በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ዳኛ ተደብድቦ ፌዴሬሽኑ የሊጉን ጨዋታዎች እስከ ማቋረጥ መድረሱን የስፖርት ክፍላችሁ ባልደረቦች ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ይህን እያወቁ የአሰልጣኞችን ግብግብ እንደ ትዕይንት ማቅረብ፣ ሥርዓት ያስከበረውን ዳኛ ደግሞ መተቸት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

የእኔ ልጆች ጨዋታው ሲያልቅ፣ ተሸንፈውም ቢሆን፣ አስቀድመው የሚጨብጡት ዳኛውን ነው። እኔም በዳኝነቱ ቅሬታ ካለኝ ለማግሥቱ አቆየዋለሁ እንጂ ደማቸው ሳይበርድ ፊታቸው አልናገርም። ይህን ልማድ ለማስያዝ ብዙ ደክሜያለሁ፤ በየሰፈሩ እንደኔ የሚደክሙ አሰልጣኞችም ጥቂት አይደሉም። ስለ አሰልጣኞች ጠባይ በተጻፈ ገጽ ሙሉ ዘገባ ውስጥ ግን ለእኛ አንድ መስመር እንኳ አልተገኘም።

ስለዚህ የዳኛውን ሥልጣን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር በዚያው ገጽ፣ ዘገባው በወጣበት ቦታ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁም አንድ ቅዳሜ ጠዋት የታዳጊዎች ጨዋታ መጥቶ ይመልከት፤ ፊሽካው ሲነፋ ሳይሄድ፣ ልጆቹና አሰልጣኞቹ ሜዳውን ለቅቀው እስኪወጡ ድረስ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታዳጊዎች አሰልጣኝ፣ ከአዲስ አበባ