የፊቱን ፍሬን ማን ያስተምረን? ግልጽ ደብዳቤ ለመንጃ ፈቃድ ኃላፊ

ይድረስ በከተማችን የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ለሚመለከትዎ ክቡር ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ነው። እንጀራዬ ሞተር ነው። ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ዕቃ ጭኜ ወደ ቃሊቲ እሄዳለሁ፤ ማታ በሲኖትራክ መሃል እየተሹለከለክሁ እመለሳለሁ። መንጃ ፈቃዴ ታድሷል። ታርጋ አለኝ። ሄልሜቴም ጭንቅላቴ ላይ ነው እንጂ ትራፊክ ሲታይ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ይህን የማስቀድመው ሞተረኛ አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ስለሆነ ነው።

ጉዳዬ ግን ፍሬን ነው።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ በኮን መሃል ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ነው። እግሬ መሬት ሳይነካ ጨረስኩ፤ አለፍኩ። ስምንት ቁጥር ክፉ አይደለም፤ ሚዛን ያስተምራል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስምንት ቁጥር ሠርቼ አላውቅም። በድንገት መቆም ግን የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። እሱን ማንም አላስተማረኝም። ያሰለጠነኝ ሰው ስለ ፍሬን የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የፊቱን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!»

አምኜው ኖርኩ። አንድ የነሐሴ ማለዳ ካፊያ እየጣለ ቁልቁለት ስወርድ፣ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ለተሳፋሪ ቀጥ አለ። የኋላውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ጎማው ተቆለፈ፤ ሞተሩ ተጠማዘዘ፤ እኔ በጎኔ ኮብልስቶኑ ላይ ተንሸራተትኩ። ጉልበቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ይቆረጥመኛል። ረዳቱ ሲያነሳኝ «እግዜር ነው ያተረፈህ» አለኝ። እናቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «ሽጠው ይኼን ነገር» እያለች ነው።

ነገሩ የገባኝ አንድ የቆየ ሞተረኛ ወዳጄ እሁድ ጠዋት ባዶ ቦታ ወስዶ ሲያሳየኝ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል። የፊት ጎማ አስፋልቱን ይነክሳል፤ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይቆለፋል። ሞተርን በዋናነት የሚያቆመው እንግዲህ ያ «እንዳትነካው» የተባልኩት ፍሬን ኖሯል! አደገኛው በአንዴ ጨምድዶ መያዝ ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ እየጨመሩ መጭመቅ ነው ዘዴው። መሪው ቀጥ ማለት አለበት። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይበልጥ በለስላሳው። ዓይንም ወደ ሚኒባሱ ሳይሆን ወደ ማምለጫው፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። ይህን በወሬ ማወቅ ቀላል ነው። እጄ እስኪለምደው ግን አራት እሁድ ፈጅቶብኛል።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ወደ 80 ሲያድግ ፍጥነቱ እጥፍ ነው፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። የቂሊንጦ መንገድ ሰፊና ገላጣ ነው። ማታ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው በ40 ይሄዳል ብለው ያስባሉ?

በእንግሊዝ አገር ለሞተር የተግባር ፈተና የሚቀርብ ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየጋለበ በድንገት መቆም ይፈተናል። የእኛ ፈቃድ ሙሉ ስሙ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ» ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሞተር እገዳ ሲመጣ የተወራው ስለ ወንጀል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ታርጋና ስለ ፈቃድ ብዙ ተጠይቀናል። እንዴት እንደምንነዳ የጠየቀን ግን አላጋጠመኝም።

የምለምንዎ የግማሽ ቀን የፍሬን ስልጠና ነው። ፈቃድ ላለን ሞተረኞች፣ እሁድ ጠዋት፣ ክረምት ሳይገባ ግንቦት ላይ። በዚያው በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን መንገድ ለጥቂት ሰዓት መዝጋት እንደሚቻል አሳይቶናል። እኛ ጋ ደግሞ መኪና ብዙም የማይረግጠው አስፋልት አለ። ኮን፣ አስፋልቱን የሚያርስ አንድ የውሃ ቦቴ፣ ራሱ ሞተር የሚነዳ አሰልጣኝ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ እፈራለሁ። ግዴታ ከሆነ ነገሩ ወረቀት ይሆናል፤ ሳይሰለጥን ማኅተም የሚያስመታ አይጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ በፈቃደኝነት ይሁን። የወደቀ ሰው ሳይጠራ ይመጣል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ ያልወደቀ ጥቂት ነው።

ቦታውን ማየት ከፈለጉ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እጠብቅዎታለሁ። ኮኖቹን ጭኜ የማመጣው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቱሉ ዲምቱ ሞተረኛ