ስለ ሚያዝያ 27 ለወላጆች

ሰላም ውድ ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ባለፈው የ6ኛ ክፍል ኩዊዝ ላይ «የአርበኞች የድል በዓል መቼ ይከበራል» የሚል ጥያቄ ነበር፣ አንድ ተማሪያችን መጋቢት 28 ብሎ ጻፈና ኤክስ ገባበት፣ በነጋታው አያቱ ከዘራቸውን ይዘው ቢሮ ከች አሉ። «ያስጠናሁት እኔ ነኝ፣ በደርግ ጊዜ ስናከብር የኖርነው መጋቢት 28 ነው፣ አስተማሪዋ ያኔ የት ነበረች?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አስተማሪዋ ያኔ አልተወለደችም።

አባባ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። መጋቢት 28 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ከጣልያን የተረከበበት ቀን ነው፣ ጃንሆይ ያን ቀን ገና ደብረ ማርቆስ ነበሩ፣ በእንጦጦ በኩል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ከ29 ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ነው። ደርግ ሲመጣ የጃንሆይን ቀን ትቶ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዞረው፣ እሱ ሲወድቅ ደግሞ ተመለሰ። እኔም ልጅ ሆኜ የሸመደድኩት የደርግን ነው እኮ።

ልጆቻችን ጭራሽ የማያውቁት ደግሞ የጣልያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 መሆኑን ነው፣ ልክ 5 ዓመት ቀደም ብሎ በ1928፣ ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ከወጡ በ3ኛው ቀን። ሲመለሱ ያንኑ ቀን መጠበቃቸው እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። የዛን ቀን ለሕዝቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ነበር፣ ይሄን ክፍል ውስጥ ሳነሳ ልጆቹ «እንዴ ለምን?» ይሉኛል፣ እውነትም የካቲት 12 ቀን 1929 ዘመዱ ለታረደበት የአዲስ አበባ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

በበዓሉ ቀን ትምህርት የለም። ሰፈራችን ቅርብ ስለሆነ የቻላችሁ ጠዋት ልጆቹን አራት ኪሎ ድል ሐውልቱ ጋ ይዛችሁ ውጡ፣ አርበኞቹ አበባ ሲያስቀምጡ ይዩ። የቤት ሥራው አንድ ገጽ ነው፣ ቤት ካሉ ትልልቅ ሰዎች ጠይቀው ይጻፉ፣ እባካችሁ ከስልክ እንዳይገለብጡ፣ ባለፈው 11 ልጅ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው ያመጣው።

የኩዊዙን ነገር በተመለከተ፣ ጥያቄው መቼ ይከበራል ስለሚል መልሱ ያው ሚያዝያ 27 ነው፣ ግን መጋቢት 28 ያለ ልጅ ለምን እንዳለ በቃል ካስረዳ ግማሽ ማርክ ይሰጠዋል። አባባ በግማሹ አልተስማሙም፣ ሰኞ እመለሳለሁ ብለውኛል።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር